ስም ከመቃብር በላይ፦ ስለ ዝነኞች ሙዚቀኞች የሚሠሩ ፊልሞች

ሰው ወደ ሲኒማ የሚሄደው ወይ ለመደሰት ወይ ለመማር ነው። ስለ ዝነኛ ሙዚቀኛ ሕይወት የተሠራ ፊልም ግን ሁለቱንም እሰጣችኋለሁ ብሎ ይጠራናል። ፊልም ሠሪው ደረቅ እውነት ብቻ ይዞ ቢቀርብ ተመልካቹ ያንቀላፋበታል፤ ጨዋታ ብቻ ይዞ ቢቀርብ ደግሞ የሰውን ታሪክ ያበላሻል። እንግዲህ መካከለኛው መንገድ የቱ ነው? ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ የማነሣው ከሌላው የበለጥሁ ዐዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ራሴ ተሳስቼ ልጆችን ስላሳሳትሁ ነው።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር ሃርሞኒየም የምትጫወት አስተማሪ ነበረችን፤ የሞዛርትንም ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከእርስዋ ነው። ኋላ እኔም በተራዬ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ «አማዴዎስ» የተባለውን ፊልም በቪዲዮ አየሁ። በዚህ ፊልም ውስጥ ሳሊዬሪ የተባለው የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ በሞዛርት ተሰጥዎ ይቀናል፤ ጭንብል ለብሶ የፍትሐት ሙዚቃ እንዲደርስለት ያዝዘዋል፤ ሥራ እያበዛ ያደክመዋል፤ በመጨረሻም ከሞት አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ዜማውን ከአፉ እየተቀበለ ይጽፋል። እኔም ልቤ ተነክቶ በሳምንቱ ለተማሪዎቼ «ሞዛርትን በቅናት የገደለው ሳሊዬሪ ነው» ብዬ እንደ ታሪክ አስተማርኋቸው። ከልጃገረዶቹ አንዲቱ እጅዋን አንሥታ «መምህር፣ ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አነበቡት?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ መጻሕፍት እየፈለግሁ ማንበብ ያዝሁ። ያገኘሁትም እነሆ፤ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንቶኒዮ ሳሊዬሪ በ1750 በኢጣልያ ተወልዶ በ1825 በቪየና ያረፈ፣ ሚስት ያገባና ስምንት ልጆች የወለደ ሰው ነበር፤ ፊልሙ ግን ንጽሕናውን ለመጠበቅ የተሳለ ብቸኛ አድርጎ ያሳየዋል። ቤትሆቨንን፣ ሹበርትንና ሊስትን ያስተማረ እርሱ ነው። ሞዛርት ከሞተም በኋላ የሞዛርትን ታናሽ ልጅ ሙዚቃ አስተምሮታል። ሞዛርት ራሱ ከመሞቱ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ በ1791፣ ሳሊዬሪን ይዞ «አስማተኛዋ ዋሽንት» የተባለውን ኦፔራውን ሊያሳየው ሄዶ ነበር፤ ሳሊዬሪም ሁሉን በጥሞና ሰምቶ እንዳደነቀለት ለሚስቱ በደስታ ጽፎላታል። ሁለቱ በ1785 ከአንድ ሌላ ሰው ጋር አብረው የደረሱት፣ ጠፍቶ የነበረ አጭር መዝሙርም በፕራግ ተገኝቶ በ2016 ለዓለም ተነግሯል። በሥራ መወዳደርና መጎነታተል በመካከላቸው አልነበረም ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ከውድድር እስከ ነፍስ ማጥፋት ያለው መንገድ ሩቅ ነው።

ወሬው የተነሣው ከፊልሙ በፊት ነው። ሳሊዬሪ በእርጅናው ታሞ አእምሮው በደከመ ጊዜ «ሞዛርትን አስመርዟል» የሚል ሐሜት በቪየና ይነገር ነበር። እርሱም በ1823 ሊጠይቀው ለመጣ ሞሼሌስ ለተባለ ሙዚቀኛ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ነግሮታል። ይሁን እንጂ በእናቱ በኩል ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ የነበረው ታላቁ የሩሲያ ባለቅኔ ፑሽኪን በ1830 ሐሜቱን አጭር ቴአትር አደረገው። በ1979 እንግሊዛዊው ፒተር ሻፈር በሰፊው ጻፈው፤ በ1984 ሚሎሽ ፎርማን ወደ ፊልም አዛወረው። ፊልሙም ስምንት የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ለፊልሙ የሚገባውን ምስጋና ልንነፍገው አይገባም። ሙዚቃው ያማረ ነው፤ ሳሊዬሪን ሆኖ የተጫወተው መሪ ተዋናይም ሽልማቱ የሚገባው ነው። ስንት ሺህ ሰው የሞዛርትን ሥራ ማዳመጥ የጀመረው በዚህ ፊልም ምክንያት ነው። የፊልሙ ወዳጆችም «ነገሩን የሚያወራው በእብዶች ሆስፒታል ያለ ሽማግሌ ነው፤ የእብድ ቃል ታሪክ ነው ያለ ማን ነው?» ብለው ይከራከራሉ። ክርክራቸው ብልህነት አለበት። ነገር ግን ተመልካቹ ሲወጣ በልቡ የሚቀረው የሽማግሌው እብደት ሳይሆን የሳሊዬሪ ወንጀል ነው። እኔን አስተማሪውን ያሳሳተ፣ ልጁንማ እንዴት አያሳስት!

እንግዲህ በእኔ አስተያየት ማሳጠርና መወንጀል አንድ አይደሉም። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ በሁለት ሰዓት የሚነገረው ብዙውን ትቶ ጥቂቱን መርጦ ነው። ሁለት ጉዞ አንድ ቢሆን፣ ማንም ያልጻፈው የማታ ጨዋታ በግምት ቢደረስ፣ ይህ ለወጥ እንደሚጨመር ጨው ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ስሙ በተጠራ ሰው ላይ ያላደረገውን ክፉ ሥራ መጫን ግን በሐሰት መመስከር ነው። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ሕያው ሰው ቢከሰስ ይከራከራል፤ ሙት ወቃሽ ግን መልስ የሚሰጠው የለም።

ሐሰት የሚጎዳው የተወነጀለውን ብቻ አይደለም፤ የተመሰገነውንም ይጎዳል። በ2004 ስለ ሬይ ቻርልስ የተሠራውን «ሬይ» የተባለውን ፊልም ተመልከት። ፊልሙ በብዙ ነገር ደፋር ነው፤ ያ ታላቅ ዐይነ ስውር ዘፋኝ በሄሮይን መያዙንና ሚስቱን መበደሉን አይሸሽግም። ጀግናን ያለ እድፍ ከማሳየት ይህ ይሻላል። ነገር ግን በ1961 ሬይ በጆርጂያ ነጭና ጥቁር በተለዩበት አዳራሽ አልጫወትም ብሎ ሲመለስ፣ ግዛቲቱ ለዘላለም እንዳይጫወትባት አገደችው፣ በ1979 ይቅርታ ጠየቀችው ይላል። እገዳው አልነበረም። በፍርድ ቤት የገንዘብ ቅጣት ተፈረደበት፤ ከዚያም በኋላ በዚያው በጆርጂያ ተጫውቷል። በ1979 የሆነውም እርሱ የዘፈነው «ጆርጂያ» የሚለው ዘፈን የግዛቲቱ መዝሙር መደረጉ ነው። ሰውዬው በገንዘቡ ተጎድቶ ለወገኖቹ ክብር መቆሙ አይበቃም ነበርን? የዘር ልዩነቱ እውነተኛ ግፍ ነበር፤ ነገር ግን ያልሆነው የተጨመረበት ግፍ፣ ጭማሪው ሲገለጥ የሆነውንም ያስጠረጥራል።

«እውነቱ ብቻውን አይጥምም» ለሚሉም አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሞዛርትን የፍትሐቱን ሙዚቃ ያዘዘው ሳሊዬሪ አልነበረም። ቫልዜግ የተባለ መኰንን በ1791 ሚስቱ ሞታበት፣ ስሙን ሸሽጎ በመልእክተኛ አሳዘዘ፤ ሐሳቡም ሙዚቃውን እኔ ደረስሁት ብሎ ለማቅረብ ነበር። ሞዛርት ሳይጨርሰው በታኅሣሥ ሞተ፤ ዚውስማየር የተባለ ረዳቱ ፈጸመው። በሚስቱ ሞት የተነካ ሀብታም የሌላውን ድካም በስሙ ሊያደርግ ሲሻ፣ ደራሲው ደግሞ የሌላውን ሙታን እያሰበ ራሱ ሲሞት! ከዚህ የበለጠ ምን ጨዋታ ይፈለጋል? ትጉህ ሠሪ ቢቆፍር ኖሮ በእጁ የተዘጋጀ ወርቅ ነበር።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ፊልም አትጥሉት፤ ተደሰቱበት። ሲያልቅ ግን ያቺ ልጅ እኔን እንደ ጠየቀችኝ ጠይቁት፤ «ይህን ከየትኛው መጽሐፍ አነበብኸው?» በሉት። ከእናንተም ነገ ፊልም የሚሠራ፣ የአገራችንን የማሲንቆና የክራር ባለሙያዎች ታሪክ የሚያሳይ ይነሣ ይሆናል። ያ ሰው ብዕሩን ሲያነሣ፣ የሚጽፍባቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደሚያዩት ያስብ።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ክፍሉ ተመልሼ ሰሌዳው ላይ የሳሊዬሪን ስም ጻፍሁ፤ «ባለፈው የነገርኋችሁ ትክክል አይደለም፤ ይህ ሰው የሞዛርትን ልጅ ያስተማረ መምህር ነው» አልኋቸው። እጅዋን ያነሣችው ልጅ ቀድሞ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰርዛ አዲሱን ከበታቹ ጻፈች። ሳሊዬሪ ከሞተ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ስሙ ግን በአንድ ደብተር ላይ ተመለሰለት።