አልፈለገም፣ እምቢ አለ ወይስ አቃተው?
(ስለ አንድ የእንግሊዝኛና የዴንማርክኛ የቃላት ደብተር የቀረበ ሂስ)

ተራ የተማሪ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላልቷል፤ ጠርዙም በብዙ እጅ ከመገላበጡ የተነሣ ጠቁሯል። በውስጡ በግራ በኩል እንግሊዝኛ፣ በቀኝ በኩል ዴንማርክኛ፣ ከሥራቸውም በቀጭን የእጅ ጽሑፍ አማርኛ ሰፍሯል። አዘጋጁ ቀድሞ በዚሁ ካምፕ ከእኛ ጋር ያስተምር የነበረ፣ ዛሬ ግን በዴንማርክ የሚኖር ወንድማችን ነው። ደብተሩን የላከልን ዘመዶቻቸው እዚያ ያሉና የመንገዳቸውን ነገር የሚጠባበቁ ቤተሰቦች ቋንቋውን ከወዲሁ እንዲለማመዱበት በማሰብ ነው። ከዚያ ወዲህ ከቤት ቤት እየዞረ ስንት ጊዜ እንደ ተገለበጠ የሚያውቅ የለም።

«የቃላት ደብተርም ለሂስ ይቀርባልን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእነዚህ ገጾች የሚመረመረው ብዙውን ጊዜ ግጥምና አጭር ልብ ወለድ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በካምፓችን ከማናቸውም ልብ ወለድ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያነበውና በብዙ ሰው ዕድል ላይ ሊሠራ የሚችለው ጽሑፍ ይኸው ደብተር በመሆኑ፣ በዝምታ ማለፉ አግባብ ሆኖ አልታየንም።

በመጀመሪያ ምስጋናችን ይቅደም። ወንድማችን የዕቃና የዕለት ኑሮ ቃላትን በጥንቃቄ አስቀምጧል። ዳቦው፣ አውቶቡሱ፣ በረዶው፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም በየቦታው ተገኝቷል። ደግሞም ዴንማርክኛውን እንደ አጻጻፉ ሳይሆን ጆሮው እንደ ሰማው በፊደላችን ጽፎልናል። ይህ ትንሽ ውለታ አይደለም። ዴንማርኮች በጽሑፍ የሚያስቀምጡትን ፊደል በአፋቸው ይውጡታል፤ «ቪሊ» የምትለው ቃል ስትጻፍ በመጨረሻዋ የማትነበብ ፊደል አለባት፣ «ሆልኒንግ» በምትለውም መካከል እንዲሁ። ፊደሉን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ከጣቢያው ሳይወጣ ይደናገራል።

ሂሳችን የሚጀምረው የፈቃድና የአመለካከት ቃላት ከሰፈሩበት ገጽ ነው። በዚያ ገጽ «ዊሊንግ» ለሚለው እንግሊዝኛ «ቪሊ»፣ «አንዊሊንግ» ለሚለው «ኡቪሊ»፣ «አቲቲዩድ» ለሚለው «ሆልኒንግ» የሚል ተጽፏል። አንድ ቃል ለአንድ ቃል፤ ከዚያ በኋላ መስመር ተሰምሮ ታልፏል። ስሕተት ነው አንልም። መዝገበ ቃላትም ቢሆን ከዚሁ ይጀምራል። ነገር ግን ዳቦ በአንድ ቃል ከአገር አገር ይሻገራል እንጂ የሰው ፈቃድ እንዲህ በቀላሉ አይሻገርም። ወንድማችን ከደብተሩ ጋር በላከልን አሮጌ መዝገበ ቃላትና በደብዳቤዎቹ እየተመራን ምክንያታችንን እንዘረዝራለን።

እንግሊዝኛና ዴንማርክኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ናቸው። የእንግሊዝኛው «ዊል» እና የዴንማርክኛው «ቪል» ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለ ሆኑ ተማሪው ዘመዳሞች መሆናቸውን ሲያይ ደስ ይለዋል። ወጥመዱም ከዚሁ ላይ ነው። እንግሊዙ «አይ ዊል ወርክ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ወደፊቱ ነው፤ ነገ እሠራለሁ ማለቱ ነው። ዴንማርኩ ግን «ያይ ቪል አርባይደ» ሲል የሚሰማው ፈቃዱ ነው፤ መሥራት እፈልጋለሁ፣ ቆርጫለሁ ማለት ይሆናል። ተራውን ወደፊት ለመናገር ሲሻ ያንኑ የአሁኑን ግሥ ይዞ «ያይ ኮመር ኢ ሞርን» ይላል፤ ነገ እመጣለሁ ማለት ነው። የተያዘ ቀጠሮ ወይም ግዴታ ሲሆን ደግሞ «ስካል» የሚለውን ቃል ይጨምራል። ከዚህ ላይ የእኛ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አማርኛችንም «እመጣለሁ» በሚል አንድ ግሥ የዛሬውንም የነገውንም ይናገራል፤ ስለዚህ በዚህ ረገድ እኛ ከእንግሊዙ ይልቅ ለዴንማርኩ እንቀርባለን። ደብተሩ ግን ተማሪውን በእንግሊዝኛ በኩል አዙሮ ስለሚወስደው አጭሩን መንገድ ያስረዝምበታል።

እንዲሁም «ቪል» ብቻውን ሆኖ ሲለመንበት ይሻክራል። ቡና የሚጠይቅ ሰው «ጌርነ» የምትለውን ቃል ሳያስከትል «ያይ ቪል» ብሎ ቢጀምር እንደ አዛዥ ይሰማል። «ጌርነ» በደስታ እንደ ማለት ናት። ዴንማርክኛ «እባክህ» ለምንለው ቃል ልክ የሚገጥም አንድ ቃል ስለሌለው ትሕትናውን የሚሸከሙት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቃላት ናቸው። «ጌርነ» ከደብተሩ ውስጥ የለችም።

ዋናው ነገር ግን «አንዊሊንግ» ላይ ነው። አንድ ሰው ሥራውን ለመሥራት ፈቃደኛ አይደለም ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል እንበል። ወደ ዴንማርክኛ የሚመልሰው ሰው ከፊቱ ብዙ በር ይከፈትለታል። «ሃን ቪል ኢከ» ቢል ሰውየው እምቢ ብሏል፤ አሻፈረኝ ባይ ነው። «ሃን ሃር ኢከ ሉስት» ቢል አላሰኘውም፣ ዛሬ ልቡ አልከጀለም። «ሃን ጊደር ኢከ» ቢል ታክቶታል፣ ሰንፏል፣ ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። «ሃን ኦርከር ኢከ» ቢል ዝሏል፣ አቅም አጥቷል። «ሃን ኤንስከር ኢከ» ቢል አይሻም፣ ምርጫውን በጨዋ ቃል አስታውቋል። ወንድማችን የጻፈው «ኡቪሊ» ደግሞ ከገበያ ይልቅ ከወረቀት ላይ የሚገኝ ቃል ነው።

የእንግሊዝኛው ቃል አንድ ነው። ዴንማርክኛው ግን ተርጓሚውን «ለምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ተርጓሚው ምክንያቱን ካላወቀ ከልቡ ፈጥሮ ይሞላል። እንግዲህ የተረጐመው ቃሉን መስሎት ሰውየውን ፈርዶበታል ማለት ነው።

«ጊደር» ስትባል የአገራችን ሰው በረቱ ትዝ ይለው ይሆናል። ነገር ግን ቃሏ ያልወለደች ላም አይደለችም፤ በዴንማርክ አፍ በየደቂቃው የምትመላለስ፣ በእንግሊዝኛ አቻ የታጣላት ቃል ናት። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል በጥያቄ ስትመጣ «በሩን ትዘጋልኛለህ?» እንደ ማለት የዋህ ልመና ናት። በአሉታ ስትመጣ ግን ስድብ ልትሆን ትችላለች። አዘጋጁ ራሱ በደብዳቤው የጻፈልንን አንድ ታሪክ እነሆ። እዚያ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው በጽዳት ሥራ ተቀጥሮ ሌሊት ሌሊት ሲሠራ ወገቡን ታመመ። እንግሊዝኛ የተማረው በትምህርት ቤት ስለ ሆነ ጨዋ ቃል መርጦ የሌሊቱን ሥራ ለመሥራት «ዊሊንግ» አይደለሁም አለ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባ ለአለቃው ሲያስረዳ «ሃን ጊደር ኢከ» ብሎ መለሰው። ሰውየው ወገቤን አመመኝ ማለቱ ነበር፤ አለቃው የሰማው ሰነፈ የሚል ነው። ለምን ፊት እንደ ተነሳው የገባው ከብዙ ወራት በኋላ፣ ቋንቋውን ሲያውቅ ነው። «ሃን ኦርከር ኢከ» ተብሎለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ወንበር ይቀርብለት ነበር።

ከዚህ ላይ ወንድማችንን አጥብቀን እንወቅሰዋለን። ይህን ታሪክ የጻፈልን እርሱ ነው፤ በደብተሩ ውስጥ ግን «ጊደር» የለችም፣ «ኦርከር» የለችም። በደብዳቤው ያወቀውን በደብተሩ ረሳው። ምናልባትም የመንገድ ቃል ለደብተር አይገባም ብሎ ንቆት ይሆናል። የሚሄደው ሰው ግን የሚወድቀው በመንገዱ ቃል ነው።

«አቲቲዩድ» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቃሉ ከጣልያንኛ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሥዕል ሰዎች ቃል ነበር፤ በሸራ ላይ የተሳለው ሰው አካሉን የያዘበት ሁኔታ ማለት ነው። ዴንማርክኛው «ሆልኒንግ» መያዝ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን እርሱም ሁለቱን ያጣምራል፤ የሰውነት አያያዝም ነው፣ የሐሳብ አያያዝም ነው። ደብተሩ በአማርኛ «አመለካከት» ብሎታል። በእኛ አስተያየት የሚሻለው «አቋም» ነበር። አቋም ስንል ወታደር በሰልፍ የሚቆምበትንም፣ ሰው በክርክር የሚቆምበትንም እናስባለንና። አመለካከት ማየት ከሚል የመጣ በመሆኑ የሚቀርበው «አንስኩኤልሰ» ለምትለው ሌላ የዴንማርክኛ ቃል ነው፤ እርሷም ከማየት የመጣች ናት። ከዚህ ሌላ «ኢንስቲሊንግ» የሚባል አለ። ራዲዮን በጣቢያው ላይ ማስተካከልም በዚሁ ቃል ይነገራል፤ ስለ ሰው ሲነገርም ልቡ ወዴት እንደ ተቃኘ ያመለክታል። የሥራ አለቃ የሠራተኛውን «ኢንስቲሊንግ» ሲያመሰግን አቋሙን ሳይሆን ቅኝቱን ማመስገኑ ነው።

አደጋው ያለው እንግሊዝኛው በዛሬ አነጋገር «አቲቲዩድ አለው» ሲል ነው። ይህ ነቀፋ ነው፤ ሰውየው ኩሩ፣ አፈ ክፉ፣ አልታዘዝ ባይ ነው ማለት ነው። ደብተሩን አምኖ «ሃን ሃር ኤን ሆልኒንግ» ብሎ የመለሰ ሰው ግን ነቀፋውን ወደ ደግ ወሬ ለውጦታል፤ ዴንማርኩ የሚሰማው ሰውየው የራሱ አስተያየት አለው የሚል ነውና። በዚህኛው ስሕተት የተነቀፈው ሰው ይጠቀም ይሆናል። በሌላ ጊዜ ግን አቋም ያለው ሰው ባለጌ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ ዴንማርክ ድረስ ለሚሄዱት ብቻ የሚያገለግል የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ እርሱ ራሱ በካምፑ የተመዘገበበትን ቃል ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1951 በጄኔቭ የተፈረመው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛን ሲተረጕም የአገሩን ጥበቃ ለማግኘት የማይችል፣ ወይም በዚያ ፍርሃት ምክንያት «አንዊሊንግ» የሆነ ይለዋል። እንግሊዝኛውና ፈረንሳይኛው እኩል ሥልጣን አላቸው፤ ፈረንሳይኛው በቀጥታ «አይፈቅድም» ይላል። ዴንማርክ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1952 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀች ናት። በዴንማርክኛውም ጽሑፍ ውስጥ የተመረጠው «ኡቪሊ» አይደለም፣ «ቪል ኢከ» ም አይደለም፤ «ኢከ ኤንስከር» ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ1969 በአዲስ አበባ ሲፈረም ይህንኑ ትርጓሜ ይዟል፤ ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስም ደንግጓል።

አርቃቂዎቹ «አንዊሊንግ» ን ራቁቱን እንዳልተዉት አንባቢ ልብ ይበል። «በዚያ ፍርሃት ምክንያት» የሚል አስረውበታል። የሚታጣውም የመንግሥቱን ጥበቃ የመቀበል ፈቃድ ነው እንጂ የአገሩ ፍቅር አይደለም። በዴንማርክኛውም ለስላሳው «ኤንስከር» ያላስነቀፈው ምክንያቱ አጠገቡ ስለ ቆመ ነው። ምክንያቱን ነጥለን ብናነበው ግን ስደተኛው ማረፊያውን የመረጠ እንግዳ ይመስላል።

ሂስ ያቀረበ ግለ ሂስም ያቅርብ ይባላልና የእኛንም ስሕተት እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቃለ መጠይቅ ጊዜ አስተርጓሚ ሆነን ነበር። ጠያቂው አንድ አዛውንት ወደ አገራቸው ለመመለስ «ዊሊንግ» መሆን አለመሆናቸውን ጠየቀ። እኛም «አባባ፣ ወደ አገርዎ መመለስ ይፈልጋሉ?» ብለን መለስነው። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩንና «ምን ማለትህ ነው ልጄ? አገሩን የማይፈልግ ሰው አለ?» አሉ። ይህንንም ቃል በቃል መለስነው፤ የጠያቂውም እስክሪብቶ መሮጥ ጀመረ። ያን ጊዜ ደነገጥን። ስሕተቱ የእኛ ነው ብለን አስቆምነው፤ ከዚያም «አባባ፣ አሁን ባለው ሁኔታ ተመለሱ ቢባሉ ይሄዳሉ?» ስንል ደግመን ጠየቅናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እዚያ የሚጠብቀኝ ዘመድ አልቀረም፤ የሚጠብቀኝ ገዳዬ ነው። አልሄድም» አሉ። አንዱ ወረቀት ተቀደደ፣ ሌላ ተጻፈ። ከዚያ በፊት ስንቱን «ይፈልጋሉ?» ብለን እንደ ጠየቅን ግን ቈጥረን አናውቅም። ዛሬም ሌሊት ላይ የሚቀሰቅሰን እርሱ ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ቃልን ብቻውን በሰሌዳ ላይ አትስቀሉ፤ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አምጡት ይሉን ነበር። ይህ ለፈተና የሚያገለግል ምክር ብቻ መስሎን ኖሯል። ለወንድማችንም የምናቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ደብተሩ ዳግመኛ ሲዘጋጅ የፈቃድ ቃላት እያንዳንዳቸው ከነዓረፍተ ነገራቸው ይግቡ፤ እነ «ጊደር» እና «ኦርከር» ከመንገድ ተጠርተው ይቀመጡ፤ «ሆልኒንግ» ከ«ኢንስቲሊንግ» ተለይታ ትጻፍ። ከ«አንዊሊንግ» ፊት ለፊት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይስፈር፤ «ለምን?» የሚል።

እስከዚያው ደብተሩን የምትገለብጡ ወጣቶች ከዚያ ገጽ ግርጌ ይህን እንድትጨምሩ አደራ እንላለን። ማንም ሰው ስለ ፈቃዳችሁ ሲጠይቃችሁ፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን፣ «አልፈልግም» ብላችሁ አትቁሙ። «ምክንያቱም» በሉና ቀጥሉ። የተቀረውን ለተርጓሚው ግምት አትተዉለት፤ እኛ ተርጓሚዎች በነበርንበት ጊዜ ምን እንደ ገመትን ነግረናችኋልና።