የጸናጽል ብረትና የትሮምቦን ብረት

ነሐሴ 24 ቀን በተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የሰማ ሰው፥ ብረት ሁሉ የየራሱ ድምፅ እንዳለው ያምናል። እውነት ነው፤ በጸናጽል የሚጮኸው እርስ በርሱ የሚጋጨው ብረት ራሱ ነውና። ይህንኑ አሳብ ወደ ትሮምቦን አዛውሮ፥ «ድምፁን የሚያሳምረው የስላይዱ ብረት ነው» ማለትን ግን እንነቅፋለን።

በ1924 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር አዲስ አበባ የገቡት አርባ ልጆች ይነፉት በነበረው ዓይነት የናስ መሣሪያ፥ የሚንቀጠቀጠው በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ድምፁን አስቀድመው የሚወስኑት የቱቦው ስፋት፥ የአፍ መንፊያውና የነፊው ከንፈር ናቸው። ናስ ያለሰልሳል፥ ኒኬል ሲልቨር ያጠራል የሚባለው ልዩነት ቢኖርም ጥቂት ነው። ኒኬል ሲልቨርም የመዳብ፥ የዚንክና የኒኬል ቅልቅል ነው እንጂ፥ ስሙ እንደሚያስመስለው ብር የለበትም።

የብረቱ ቁም ነገር የሚታወቀው በእጅ ነው። ውስጠኛው ቱቦ ብዙ ጊዜ በክሮም የሚለበጠው ጠንክሮ በልስላሴ እንዲንሸራተት ነው። ውጭኛው ቀለል ሲል ክንድ ሳይደክም ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ስፍራ ይደርሳል። ቢጎብጥ ወይም አቧራ ቢገባበት ግን የከበረ ብረት አያድነውም። እንግዲህ መሣሪያ የሚገዛ ተማሪ የብረቱን ስም ከመጠየቁ በፊት ስላይዱን ስቦ ይሞክረው እንላለን።