«በብርሃን ፍጥነት» ስለሚባለው አነጋገር

በዘመናችን ንግግርና ጽሕፈት «በብርሃን ፍጥነት» የሚለው አነጋገር እጅግ ተለምዷል። ወሬ ሲዛመት በብርሃን ፍጥነት ተዛመተ ይባላል፤ ዋጋ ሲወጣ በብርሃን ፍጥነት ናረ ይባላል፤ በመሥሪያ ቤትም ጕዳዩ በብርሃን ፍጥነት ይፈጸማል ተብሎ ይጻፋል። ትምህርት ሲስፋፋ የትምህርት ቃልም አብሮ መስፋፋቱ የታወቀ ስለ ሆነ፥ አነጋገሩ ከሳይንስ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ ጽሕፈት ቤት መግባቱ ደስ ሊያሰኝ በተገባው ነበር። ነገር ግን ቃሉ ሲመጣ ትርጕሙ አብሮት መጥቷልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ሳይንስ የሚለውን እንመልከት። የብርሃን ፍጥነት ማለት ብርሃን ባዶ በሆነ ሕዋ ውስጥ በአንድ ሰከንድ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ ልኩም 299,792,458 ሜትር ነው። ይህ ቍጥር ለማድነቅ የተነገረ ግምት አይደለም። በ1983 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ስለ ሚዛንና ስለ መለኪያ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የሜትር ርዝመት በብርሃን ፍጥነት እንዲተረጐም ስለ ወሰነ፥ ዛሬ በጨርቅ ነጋዴ እጅ ያለው ሜትር እንኳ ልኩን የሚያገኘው ከብርሃን ነው። እንግዲህ «ፍጥነት» በሳይንስ ዘንድ ርቀት ለጊዜ ሲካፈል የሚገኝ ልክ ነው። በተራ አማርኛችን ግን «ፈጣን» ስንል ማመስገናችን ነው፤ ትጉህ፥ ቀልጣፋ፥ የማይዘገይ ማለታችን ነው። ልክና ምስጋና በአንድ ቃል ሲገናኙ፥ ተናጋሪው ምስጋናውን ይዞ ልኩን ይጥለዋል።

ደግሞም የብርሃን ፍጥነት የታወቀበት ታሪክ ለዚህ አነጋገር ትልቅ ተግሣጽ ይሆናል። በቀድሞ ዘመን ብርሃን ምንም ጊዜ ሳይፈጅበት ይደርሳል የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ኦሌ ሮመር በፓሪስ ሆኖ ኢዮ የምትባለውን የጁፒተር ጨረቃ ሲከታተል፥ ምድር ከጁፒተር እየራቀች በሄደች መጠን የጨረቃይቱ ግርዶሽ ከተገመተው ሰዓት እየዘገየ እንደሚታይ አስተዋለ። በ1676 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በኖቬምበር ወር የሚታየው ግርዶሽ 10 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ አስቀድሞ ተናገረ። የዘገየችው ጨረቃይቱ አይደለችም፤ ዜናዋን የሚያመጣው ብርሃን የሚሄድበት መንገድ ስለ ረዘመ ነው እንጂ። ስለዚህ የብርሃን ፍጥነት ለሰው የተገለጠው ከመዘግየቱ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። ከፀሐይ የሚነሣው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ከሆነው ኮከብ ደግሞ 4 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ይወስድበታል። ብርሃንም ቢሆን መንገድ አለበት።

«የብርሃን ዓመት» የሚባለውም እንደዚሁ ተበላሽቷል። አንዳንድ ጸሐፊ «የብርሃን ዓመታት ያህል ጠበቅሁ» ብሎ ሲጽፍ ረዥም ዘመን መናገሩ ነው። የብርሃን ዓመት ግን ዘመን አይደለም፤ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው፤ እርሱም 9 ትሪሊዮን ከ460 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በክፍል ውስጥ ተማሪው ይህን ተምሮ ከክፍል ውጭ ተቃራኒውን ሲያነብ፥ ማንን ይመን?

ምናልባት አንባቢ «ምሳሌያዊ አነጋገር በሜትር አይለካም» ብሎ ይቃወመኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቋንቋ ያለ ምሳሌ ደረቅ ነው። አባቶቻችንም «እንደ መብረቅ» ብለዋል፤ «በቅጽበተ ዓይን» ብለዋል። ነገር ግን እነዚህ አነጋገሮች ከታየ ነገር የተወለዱ ናቸው። ገበሬው ብልጭታው ቀድሞ ነጐድጓዱ እንደሚከተል በማሳው ላይ ቆሞ አይቷል፤ ዓይን ስትጣቀስም ሁሉ ያውቃታል። «በብርሃን ፍጥነት» የሚለው ግን ከቍጥር የተወለደ ስለ ሆነ፥ ቍጥሩ ሲጠፋ የሚቀረው ድምፁ ብቻ ነው። በሥፍራው ሲውልማ አነጋገሩ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሬዲዮ ሞገድ በዚሁ ፍጥነት ስለሚጓዝ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ለመድረስ የሰከንድ መቶኛ እጅ እንኳ አይፈጅበትም። ሞገዱን የሚሰማው ሰው ግን ለመረዳት፥ ተረድቶም ለመሥራት፥ የራሱ ጊዜ ያስፈልገዋል።

ይህን ስጽፍ ሌላውን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። እኔም በመሥሪያ ቤት ሥራዬ ለአንድ ባለጕዳይ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ «ጕዳይዎ በብርሃን ፍጥነት ይፈጸማል» የሚለውን ቃል በገዛ እጄ አስገብቻለሁ፤ ዐረፍተ ነገሩም አምሮልኝ ነበር። ሰውዬው ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ደብዳቤውን አስነብበው ተመለሱና «ልጄ፥ ይህ የተጻፈው ስንት ቀን ነው? ስንቄን በዚያው ልክ ልያዝ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጕዳያቸው እንዲያልቅ የሦስት ሰዎች ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ከሦስቱም አንዱ በዕረፍት ላይ ነበሩ። እኔ የሰማይን ልክ ስጠቅስላቸው፥ እርሳቸው የፈለጉት የምድርን ቀን ነበር። ኋላ ዝርዝሩን ቈጥሬ «አባቴ፥ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» ብላቸው ቅር አላላቸውም፤ «ይህን ብታስቀድም ኖሮ» ብለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ያስተዋልሁት ይህ ነው። የተጋነነ ቃል ደስ የሚያሰኘው ጸሐፊውን ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን አምኖ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሮመር የተመሰገነው ብርሃን ፈጣን ነው ብሎ ስላደነቀ ሳይሆን፥ ስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ ስለ ተናገረ ነው። ስለዚህ ደራሲ መብረቅንና የዓይን ጥቅሻን ይጥቀስ፤ መምህር የብርሃንን ፍጥነት ከነቍጥሩ ያስተምር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ደብዳቤ ሲጽፍ ቀኑን ይጻፍ። ቀኑ ሦስት ሳምንት ከሆነ፥ ሦስት ሳምንት ይበል።