ስለ አቶም ሥዕላችን ቅሬታ አለኝ

ከሞጆ ተነስታችሁ የሐዋሳን መንገድ ስትይዙ፣ ቆቃን አልፋችሁ መቂ ከመድረሳችሁ በፊት ዓለም ጤናን ታገኛላችሁ። እዚያ ያለ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩን ገልጦ የፍሎሪንን አቶም እየሳለ ነው እንበል። መሃል ላይ ትንሽ ክብ፣ ውስጡ 9 ፕሮቶን። ዙሪያውን በኮምፓስ የተሠሩ ሁለት ቀለበቶች። በመጀመሪያው ላይ 2 ነጥብ፣ በሁለተኛው ላይ 7 ነጥብ። ከሥሩ «2፣ 7» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደርጉለታል። በቃ፣ አለቀ።

ይህን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ደብተራችን ውስጥ አለ፣ በብዙ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይም ከኢትዮጵያ ካርታና ከልብ ሥዕል አጠገብ በዘይት ቀለም ተስሎ አለ። ዛሬ የምተቸው እሱን ነው። መምህራንን አይደለም፣ ሥዕሉን ነው። ቅሬታዬ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሥዕሉ መልሱን ይሰጠናል፣ ማስረጃውን ግን ይደብቅብናል። ማስረጃው ደግሞ ብርሃን ነው።

መጀመሪያ ምስጋናው

ትችት ከመጀመሬ በፊት ሥዕሉ የሚገባውን ያግኝ። ቆጠራው ትክክል ነው። ፍሎሪን 9 ኤሌክትሮን አለው፣ በውጭኛው ሼል ያሉት 7 ናቸው፣ 8 ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። ስለዚህ አንድ ኤሌክትሮን ከሌላ ይወስድና ባለ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ፍሎራይድ ይሆናል።

ይህች አንዲት ቻርጅ ለስምጥ ሸለቆ ልጆች ተራ ነገር አይደለችም። ጥርሳችን የተሠራበት ማዕድን ውስጥ ሃይድሮክሳይድ የሚባል፣ እሱም ባለ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ የሆነ አካል አለ። ፍሎራይድ በቻርጅም በመጠንም ስለሚመስለው ቦታውን ሊወስድ ይችላል። በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ይጠቅማል። ሲበዛ ግን፣ በተለይ ጥርስ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ባለበት የልጅነት ዕድሜ፣ የላይኛው ሽፋን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ሲብስም ቡናማ ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት (ከተማዋን ማለቴ አይደለም!) በመጠጥ ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል። የስምጥ ሸለቆ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ በመሆኑ ግን የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከዚህ በላይ ነው፤ ከ10 ሚሊግራም የሚያልፍም አለ። ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ ውኃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል።

እንግዲህ ተማሪያችን ደብተሩ ላይ የሳለውና ምናልባት በራሱ ጥርስ ላይ የሚያየው አንድ ነገር ነው። ሥዕሉ እስከዚህ ድረስ አደረሰን። ከዚህ በኋላ ነው ጉዳዩ የሚበላሸው።

ሥዕሉ እውነት ቢሆን አቶም አይኖርም ነበር

ቀለበቶቹ ኤሌክትሮን ልክ መሬት ፀሐይን እንደምትዞር ኒውክለሱን ይዞራል እንድንል ያደርጉናል። ችግሩ ምንድነው? ኤሌክትሮን ቻርጅ አለው። ቻርጅ ያለው ነገር ሲወዛወዝ ወይም ሲዞር ኃይል ወደ ውጭ ይረጫል። የሬዲዮ ጣቢያ አንቴና የሚሠራው በዚሁ ነው፤ በብረቱ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ ሲሉ ሞገድ ይወጣል።

ስለዚህ እንደ ፕላኔት የሚዞር ኤሌክትሮን ያለማቋረጥ ኃይል ያጣል፣ እየጠበበ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ኒውክለሱ ላይ ይወድቃል። ስሌቱን ስትሠሩት ጊዜው ከሰከንድ መቶ ቢሊዮንኛ እጅ ጋር የሚቀራረብ ነው። ዓይናችሁን ሳትጨፍኑ ዓለም ጤናም፣ አዳማም፣ እናንተም የላችሁም ማለት ነው።

ራዘርፎርድ ኒውክለስን በ1911 ሲያሳውቅ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ይህ ጥያቄ አብሮ መጣ። ኒልስ ቦር በ1913 ደፋር መልስ ሰጠ፦ ኤሌክትሮን የሚይዛቸው የኃይል መጠኖች የተወሰኑ ናቸው፣ እዚያ ላይ እያለ ብርሃን አያወጣም፣ የሚያወጣው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወርድ ብቻ ነው አለ። ከቦር ሐሳብ ዋናው ነገር ኃይሉና ብርሃኑ ነበር። እኛ ግድግዳችን ላይ ያስቀረነው ቀለበቱን ነው።

ማን ቆጠረው?

«2፣ 8፣ 8» ብላችሁ ስትሸመድዱ ማን ሄዶ እንደቆጠረው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ማንም ኤሌክትሮንን በዓይኑ አይቶ አልቆጠረም። የነገረን ብርሃኑ ነው።

ጨው ያለው ውኃ ገንፍሎ የጋዝ ምድጃ ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ድንገት ቢጫ ሲሆን አይታችሁ ይሆናል። ያ ቢጫ የሶዲየም ነው። የሞገድ ርዝመቱ 589 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጨዉ ከአፋር ይምጣ ከሌላ አገር፣ ሶዲየም እስካለው ድረስ ቢጫው ያው ነው። በ1860 አካባቢ ቡንሰንና ኪርኾፍ ሃይደልበርግ ውስጥ ያረጋገጡት ይህንኑ ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የሆኑ የቀለም መስመሮች አሉት፣ እንደ ጣት አሻራ።

ለምን መስመር ሆነ? ለምን ሁሉንም ቀለም አያወጣም? ደረጃ ስትወርዱ አስቡ። በደረጃዎች መካከል አየር ላይ መቆም አይቻልም። አንድ ደረጃ ወይም ሁለት ደረጃ ትወርዳላችሁ እንጂ ሩብ ደረጃ አትወርዱም። ኤሌክትሮንም ሲወርድ የደረጃዎቹን ልዩነት ያህል ኃይል በአንድ ፎቶን ይለቃል። የፎቶኑ ኃይል ደግሞ ቀለሙን ይወስናል። የፎቶንን ሐሳብ በ1900 ፕላንክ ጀመረው፣ በ1905 አንስታይን ገፋበት።

ስሌቱን አሁኑኑ እናንተው መሥራት ትችላላችሁ። በሃይድሮጅን ውስጥ የሁለተኛው ደረጃ ጥልቀት 13.6 ለ4 ሲካፈል 3.40 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የሦስተኛው 13.6 ለ9 ሲካፈል 1.51 ነው። ልዩነቱ 1.89። አሁን 1240ን ለ1.89 አካፍሉ። መልሱ 656 ናኖሜትር ነው፣ ቀይ ብርሃን። ሃይድሮጅን ያለበትን ቱቦ አብርታችሁ ብትለኩ የምታገኙት ይህንኑ ቀይ መስመር ነው። የሃይድሮጅን መስመሮች በቁጥር ሕግ እንደሚመሩ መጀመሪያ ያገኘው ባልመር፣ በ1885፣ ባዝል ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ለዚህ ሥራ ወረቀትና እስክሪብቶ በቂ ነበር።

ማየት ለሚፈልግ ደግሞ አሮጌ ሲዲ ይበቃል። ማታ ክፍሉን አጨልሙና የአምፖሉን ብርሃን በሲዲው ገጽ ላይ አገላብጡት። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል ሙሉ ቀስተ ደመና ያሳያችኋል። መብራት ኃይል ከዓመታት በፊት በባለ ሽቦው ልዋጭ ያደለው ጠምዛዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ከተገኘ ግን የተቆራረጡ ቀለሞች ታያላችሁ። አረንጓዴው ለብቻው፣ ቀዩ ለብቻው፣ በመካከላቸው ጨለማ። እነዚያ ቁርጥራጮች በአምፖሉ ውስጥ ያሉ አቶሞች ደረጃዎች ናቸው። ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ይልቅ አቶምን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ፍሎሪን ራሱ ሲጠየቅ

ወደ ተማሪያችን «2፣ 7» እንመለስ። ብርሃን ከአቶም ስለሚወጣ ብቻ አይደለም የሚጠቅመን፤ እኛም ልንልክበት እንችላለን። ኃይሉ የታወቀ ኤክስሬይ ወደ አቶሙ እንልካለን። ኤክስሬዩ ኤሌክትሮን ነቅሎ ያወጣል። የወጣው ኤሌክትሮን በእጁ የቀረውን ኃይል ከላክነው ላይ ስንቀንስ እሱን ለመንቀል ስንት እንደከፈልን እናውቃለን። ሥዕሉ ትክክል ከሆነ ሁለት ዋጋ መገኘት አለበት፤ አንዱ ለውስጠኞቹ 2፣ አንዱ ለውጭኞቹ 7።

የሚገኘው ግን ሦስት ነው። ወደ 697፣ ወደ 40 እና ወደ 17 ኤሌክትሮን ቮልት። 7ቱ በአንድ ቀለበት ላይ ተደርድረው እኩል አይኖሩም። ሁለቱ ጠለቅ ብለው፣ አምስቱ ከፍ ብለው ነው ያሉት። ብርሃኑ «2፣ 2፣ 5» ይላል።

ይህ ለእኔ ከሁሉም በላይ የከበደ ቅሬታ ነው። ሥዕሉ ዝርዝር ስለዘለለ አይደለም የምወቅሰው። ፍሎሪን ራሱ የሚመሰክረውን ነገር ስለሚቃረን ነው።

8 ከየት መጣ?

በ1926 ሽሮዲንገር ባቀረበው ስሌት መሠረት ኤሌክትሮን የሚሄድበት የተሠመረ መንገድ የለውም። ያለው፣ ብንፈልገው የት የት ልናገኘው እንደምንችል የሚናገር ደመና ነው፤ ኦርቢታል እንለዋለን። አንደኛው ደረጃ 1 ዓይነት ደመና ብቻ ይችላል። ሁለተኛው ደረጃ አንድ ክብና ሦስት በሦስት አቅጣጫ የተዘረጉ፣ በድምሩ 4 ይችላል። ፓውሊ በ1925 እንዳስቀመጠው ደግሞ በአንድ ኦርቢታል ከ2 ኤሌክትሮን በላይ አይገባም። ስለዚህ 1 ጊዜ 2 ሲሆን 2፤ 4 ጊዜ 2 ሲሆን 8። የምትሸመድዱት ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው፣ ከሰማይ አልወረደም።

ሦስተኛው ደረጃ ሌላ 5 ኦርቢታል ይጨምራል፤ 9 ጊዜ 2፣ 18 ይሆናል። ታዲያ ፖታሲየም ለምን «2፣ 8፣ 8፣ 1» ሆነ? ምክንያቱም እነዚያ 5ቱ ከአራተኛው ደረጃ መጀመሪያ ይልቅ ውድ ናቸው፤ ኤሌክትሮኑ ርካሹን መርጦ ወደ አራተኛው ያልፋል። «2፣ 8፣ 8» የምንለው ሕግ ቁጥር 21፣ ስካንዲየም ላይ ሲደርስ ይሰበራል፦ 2፣ 8፣ 9፣ 2። በየቀኑ የምንነካው ብረት 2፣ 8፣ 14፣ 2 ነው። ቀለበት ብቻ የተማረ ልጅ እዚህ ሲደርስ ሌላ ሕግ ከመሸምደድ በቀር መውጫ የለውም።

«ለ9ኛ ክፍል ይከብዳል»

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ለ14 ዓመት ልጅ ደመናና ስሌት ማን ያስረዳል? ሁሉም ሳይንስ ከቀላል ይጀምራል አይደል? ልክ ነው። እኔም ብሆን ኢንጂነሪንግ የተማርኩት በተቃለሉ ሥዕሎች ነው። ግን ጥሩ ማቅለያ ቀለል ያለ መሆኑን ይናገራል። የአዲስ አበባ የባቡር መስመር ካርታ ከተማው ያን ያህል ቀጥ ያለ ነው ብሎ አያታልለንም። የአቶሙ ሥዕል ግን እንደ ፎቶግራፍ ነው የሚቀርብልን።

ከዚህ የባሰው ቅደም ተከተሉ ነው። ቀለበቶቹ በ9ኛ ክፍል ይመጣሉ። ብርሃን፣ ስፔክትረምና ኳንተም በስፋት የሚመጡት በ11ኛ ክፍል ነው፤ ያኔ ደግሞ ተማሪው ለሁለት ተከፍሏል። ማኅበራዊ ሳይንስ የመረጠችው ልጅ፣ ነገ ጋዜጠኛ ወይም ዳኛ የምትሆነው፣ መልሱን ይዛ ማስረጃውን ሳታይ ትወጣለች። ሳይንስ ማለት የታመነ ሥዕል ነው ብላ ብታስብ አይፈረድባትም።

ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ የገባውም አይተርፍም። ኤልኢዲ አምፖል ለምን እንደሚያበራ፣ የሶላር ፓነል ለምን የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚቀይር የሚገልጸው ደረጃው ነው። ቀለበት ይዞ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ ሴሚኮንዳክተር ሲጀመር ያወቀውን አፍርሶ ነው የሚነሳው። እኔም አፍርሼ ነው የተነሳሁት።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ግድግዳው ይጠረግ አልልም። ሦስት ነገር ይጨመርበት። አንድ፣ ከሥሩ «ይህ የቆጠራ ሥዕል ነው፣ አቶም ይህን አይመስልም» ተብሎ ይጻፍ። ሁለት፣ ከቀለበቱ አጠገብ ደረጃ ይሳል፤ ለፍሎሪን ሦስት አግድም መስመር፣ ከታች 2፣ ከላዩ 2፣ ከዚያ 5። ይህ ከቀለበት አይከብድም፣ ኮምፓስ እንኳ አይፈልግም፣ እውነትም ነው። ሦስት፣ «ማን ቆጠረው?» የሚለው ጥያቄ በ9ኛ ክፍል ይጠየቅ፣ መልሱም በአንድ ሲዲና በአንድ አምፖል ይታይ።

መጽሐፉ እስኪሻሻል ግን እናንተ መጠበቅ የለባችሁም። ዛሬ ማታ ሲዲውን ፈልጉ። የዓለም ጤናው ተማሪም ነገ «2፣ 7» ብሎ ይጻፍ፣ ፈተና ላይ ራይት ያገኛልና። ከጎኑ ግን በእርሳስ «2፣ 2፣ 5» ይጨምር። መምህሩ «ይሄ ከየት መጣ?» ካሉት፣ ብርሃኑ ነው የነገረኝ ይበላቸው።