የጥጃው ጥሩምባ

ቢሾፍቱ ውስጥ በጓሮው ዲቃላ ላም የሚያረባ ሰው 21 መቁጠር ያውቅበታል። አዳቃዩ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በ21ኛው ቀን ላሟ ካልጮኸች፣ ሌላ ላም ላይ ካልወጣች፣ «ሳትይዝ አልቀረችም» ይላል።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ቀን በፊት ማንም ሳያየው የሚሠራው ሥራ ነው። ፅንሱ በ7ኛው ቀን ዓይን የማይለየው ነጠብጣብ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ እንደሚፈተል ጥጥ እየተሳበ ይሄድና በ18ኛው ቀን ገደማ ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ክር ይሆናል። ከማህፀኑ ግድግዳ ጋር ገና አልተያያዘም፤ እትብት የለውም። ያም ሆኖ መኖሩን ማሳወቅ አለበት፣ ያውም በጊዜ። ዝም ካለ ማህፀኑ ፕሮስታግላንዲን ይለቃል፤ ይህም በእንቁልጢው ላይ ያለውን ቢጫ አካል ያፈርሰዋል። ቢጫው አካል ከፈረሰ እርግዝናውን የሚያቆየው ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ይቋረጣል፣ ፅንሱ ይጠፋል፣ ላሟም እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች።

ስለዚህ ክሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1982 የፍሎሪዳ ተመራማሪዎች ከበግ ፅንስ የሚወጣ አንድ ፕሮቲን ለዩ። በ1987 ቅንብሩ ሲነበብ የኢንተርፌሮን ዘመድ ሆኖ አረፈው! ኢንተርፌሮን በ1957 ለንደን ውስጥ በአይዛክስና በሊንደንማን ከተገኘ ጀምሮ የሚታወቀው፣ ቫይረስ የገባበት ህዋስ ጎረቤቶቹን የሚያስጠነቅቅበት ጩኸት በመሆኑ ነው። የፅንሱን ቃል ዛሬ ኢንተርፌሮን ታው እንለዋለን። የሚያመነጨው ቫይረስ ቀስቅሶት አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ራሱ የፅንሱ የውጭ ሽፋን ያፈልቀዋል።

የሥራው ጥበብ እዚህ ይጀምራል። ለጥጃው የተለየ በር አልተሠራለትም። የቫይረሱ ማስጠንቀቂያ የሚያንኳኳው፣ ከሁለት ፕሮቲኖች የተጋጠመው ተቀባይ የጥጃውንም ቃል ይቀበላል። ከበሩ በስተጀርባ ያሉት መልእክተኞች፣ ስታት የሚባሉት ፕሮቲኖች፣ ለሁለቱም ወደ ህዋሱ አስኳል ይሮጣሉ። ታዲያ ማህፀኑ «በሽታ ገባ»ን ከ«ጥጃ መጣ» እንዴት ይለያል?

የዕድር ጥሩምባ ሌሊት ሲነፋ ድምፁ ለሰፈሩ ሁሉ አንድ ነው። ድንኳን የሚያስቀምጠው ድንኳኑን ያወጣል፣ ድስት ያላት ድስቷን፣ ጎረምሳው አካፋውን። ጥሩምባው ስለ ድስትም ስለ አካፋም ያለው ነገር የለም።

ማህፀንም እንዲሁ ነው። በበግ ላይ በደንብ እንደተጠናው፣ ለክሩ ፊት ለፊት የሚገኙት የማህፀን ሽፋን ህዋሳት አይአርኤፍ-2 የሚባል ፕሮቲን በቤታቸው አላቸው። ይህ ፕሮቲን ቫይረስ የሚዋጉትን አብዛኞቹን ዘረመሎች ዝም ያሰኛል፤ የኢስትሮጅንን ተቀባይም ያፍናል። የኢስትሮጅን ተቀባይ ከታፈነ የኦክሲቶሲን ተቀባይ አይሠራም፤ እሱ ከሌለ ደግሞ ቢጫውን አካል የሚያፈርሰው የፕሮስታግላንዲን ሞገድ አይመጣም። ከሥር ያሉት እጢዎችና ደጋፊ ህዋሳት ግን ያንኑ ቃል ሰምተው የፀረ ቫይረስ ዘረመሎቻቸውን ያነቃሉ። ግድግዳው አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ ምላሹ ሁለት።

ቃሉም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ታው ከተቀባዩ ሁለት ክፍሎች አንዱን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው። ቫይረስ ለመከላከል ጥቂት ተቀባዮች ለአጭር ጊዜ ቢያዙ ይበቃል፤ የህዋስን እድገት ለመግታት ግን ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ መያዝ አለባቸው። እጁ የላላው ታው ሥራውን ይሠራል እንጂ እንደ ሌሎቹ ኢንተርፌሮኖች ህዋስ አይጎዳም።

አዲስ በር መሥራት ይሻል ነበር የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ የሚያወጣ አንጥረኛ ትዝ ይለኛል፤ ብረቱ ሌላ ነገር ሆኖ ስለኖረ ነው ቢላዋው የሚደነቀው። ይህን ዘዴ የያዙት አመንዣኪዎቹ ብቻ ናቸው። የአሳማ ፅንስ በኢስትሮጅን ያሳውቃል። የሰው ፅንስም ቢሆን የሚገባው በአሮጌ በር ነው፤ የእርግዝና ምርመራ የሚያነበው ሆርሞን እንቁላል በሚያስለቅቀው ሆርሞን ተቀባይ ላይ ያርፋል።

ቢሾፍቱ የዚህን በር ሌላኛውን ወገን፣ የቫይረሱን፣ አሳምራ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ክትባት የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ የታወጀው የከብት በሽታ ቫይረስ (አያቶቻችን ስሙን ፈርተው «ደስታ» ያሉት) አንዱ ተንኮሉ እነዚያኑ ስታቶች ከበሩ በስተጀርባ ማገድ ነበር። ጥጃው ሳይታገድ እንዲሮጡለት የሚፈልጋቸውን መልእክተኞች ቫይረሱ መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል።

ጥሩምባው ከማህፀን ውጭም ይሰማል። በ18ኛው ቀን ገደማ የያዘች ላም ነጭ የደም ህዋሳት የፀረ ቫይረስ ዘረመሎቻቸውን ከፍተው ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ይህን እርግዝናን ከ21ኛው ቀን በፊት ለማወቅ ሊጠቀሙበት ሞክረዋል። ችግሩ፣ ቫይረስ የያዛት ባዶ ላምም ደሟ ሲታይ ያረገዘች ትመስላለች።