በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ቀይን መፈለግ

በ1928ቱ ወረራ ከዘመቱት የጣሊያን ካፕሮኒ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የክንፋቸው የላይኛው ገጽ በደማቅ ቀይ መስመሮች የተቀባ ነበር። ለጌጥ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ገደል መካከል ወድቆ ቢቀር ፈላጊዎቹ ከአየር ላይ እንዲለዩት ነው። የላስታ ገበሬ ያየው የአውሮፕላኑን ሆድ ነው፤ ከአምባ ላይ ሆኖ ቁልቁል ካላየ በቀር ቀዩን የማየት ዕድል አልነበረውም። ፎቶውን የምናየው እኛ ደግሞ ክንፉን እያየን ቀዩን እናጣዋለን፤ መስመሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣልና።

ጥፋቱ የፊልሙ ነው። በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ፊልም ጎን ለጎን ይሠራበት ነበር። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ለቀይ ብርሃን ዕውር ስለሆነ ቀይን ያጠቁራል፣ ሰማያዊን ያነጣል፣ ቢጫንም ዓይናችን ከሚያየው በላይ ያጨልማል። ፓንክሮማቲኩ ቀይንም ይቀበላል። እንደ ላስታ ባለ ከፍታ ላይ ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚበረታ መዛባቱ ይብሳል። ስለዚህ አንድን ግራጫ ነጥሎ «ይህ ቀይ ነው፣ ይህ አረንጓዴ ነው» ማለት ግምት እንጂ ንባብ አይደለም። ዛሬ የድሮ ፎቶ በኮምፒውተር እየቀቡ የሚያሰራጩ ሰዎችም ግምታቸውን ማስረጃ አስመስለው ያቀርቡልናል።

ንባብ የሚጀምረው ቀለሙን አስቀድመን የምናውቀው ነገር በዚያው ፎቶ ውስጥ ሲገኝ ነው። ለዚህ የእኛን ባንዲራ የሚያህል መስፈሪያ የለም። መካከለኛው ቢጫ ከሌሎቹ ጎልቶ ከነጣ ፊልሙ ፓንክሮማቲክ ሳይሆን አይቀርም፤ ወደ ጎረቤቶቹ ጥቁረት ከተጠጋ ኦርቶክሮማቲክ መሆኑን ይጠቁማል። የጣሊያን ባንዲራ መካከሉ ነጭ ስለሆነ በሁለቱም ይነጣል። እንግዲህ በፓንክሮማቲክ ፎቶ ላይ ሁለቱ ባንዲራዎች ሊምታቱ ይችላሉ፤ ባንዲራ የተቀባበትን ጭራ ብቻ አይቶ አውሮፕላኑ የማን እንደሆነ የሚወስን ሰው ይህን አያስተውልም። የላሊበላ ቀላ ያለ ድንጋይም እንዲሁ መስፈሪያ ይሆናል፦ በድሮ ፎቶ ከሰል መስሎ ከታየ ፊልሙን መጠርጠር ነው።

ጉዳዩ የአውሮፕላን አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ኮረምን ማስታወስ ይበቃል። የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. የዶክተር ጆን ሜሊ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሆስፒታል እዚያ በቦምብ ተደበደበ። በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ላይ ቀይ መስቀል ጥቁር መስቀል ነው። «ምልክቱ በግልጽ ይታይ ነበር ወይ?» የሚለውን ክርክር በፎቶ መዳኘት የሚፈልግ ሁሉ የካሜራውን ዓይን ከአብራሪው ዓይን መለየት አለበት። አብራሪው ቀይ ያያል።

የሚያሳስተው ፊልሙ ብቻም አይደለም፤ የብርሃኑ አቅጣጫም ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ በመቄትና በላይ ጋይንት አዋሳኝ በአንቺም ጦርነት የመንግሥት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ቦምብ ጥሏል። የዚያን ጊዜው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ክንፉ ጨርቅ የለበሰ ነበር። እንዲህ ያሉ ጨርቆች ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት ቀለም ይቀቡ ስለነበር ፀሐይ ስትመታቸው ነጭ፣ ስትዞር ጥቁር ግራጫ ይሆናሉ። አንዱ አውሮፕላን በሁለት ፎቶ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ቢመስል ሁለት አውሮፕላን ነው ብሎ መቁጠር አይገባም።

በቤታችሁ የዘመኑ ፎቶ ያላችሁ፣ ቀለም ከማስቀባታችሁ በፊት ጀርባውንና የኔጋቲቩን ጠርዝ አብራችሁ ስካን አድርጉ። የፊልሙ ዓይነት ሊታወቅ የሚችለው በኔጋቲቩ ጠርዝ ላይ ካለው የፋብሪካ ምልክት ነው።