የዖዛ ሞትና የአቢዳራ በረከት፤ ስለ ጸጋና ስለ ታቦት ክብር በብሉይ ኪዳን

በብሉይ ኪዳን ስለ ንዋያተ ቅድሳት ክብር በተነሣ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የዖዛ ታሪክ ነው። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል 6ኛ ምዕራፍ እንደ ተነገረው፥ ሠረገላውን የሚስቡት በሬዎች በተሰናከሉ ጊዜ ዖዛ ታቦቱን ለመደገፍ እጁን ዘረጋ፤ በዚያውም ተቀሥፎ ሞተ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ዓይነት አንባቦች ሁለት ልዩ ልዩ ፍርድ ያወጣሉ። አንደኛው ወገን ቅዱስ ነገር የሚፈራ እንጂ የሚቀረብ አይደለም ይላል። ሁለተኛው ወገን ታሪኩን የጥንት ሕዝብ ፍርሃት ትራፊ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ዊልያም ሮበርትሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1889 ስለ ሴማውያን ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ የቅድስናን ሥርዓት በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ካለው «ታቡ» ከሚባለው ክልከላ ጋር ማነጻጸሩ ለዚህ አስተያየት ትልቅ ድጋፍ ሆኖታል። እኛ ግን ሁለቱም ወገኖች ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም እንላለን።

ምዕራፉ በዖዛ ሞት አያልቅም። ዳዊት ፈርቶ ታቦቱን ወደ ጌት ሰው ወደ አቢዳራ ቤት አገባው፤ በዚያም ሦስት ወር ተቀመጠ፤ ቤቱም ሁሉ ተባረከ። አቢዳራ በዜና መዋዕል ከበረኞች ጋር ቢቈጠርም፥ የሳሙኤል መጽሐፍ ለዚህ በረከት ያበቃውን ሥራ አንድም አይነግረንም። እንግዲህ አንዱ ታቦት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሞትንም በረከትንም አመጣ። የመጀመሪያው ጕዞ ስሕተትም ከአንድ ሰው እጅ በፊት የተጀመረ ነበር፤ ዘኍልቍ በ4ኛውና በ7ኛው ምዕራፍ ታቦቱ በትከሻ እንዲሸከሙት ሲያዝ፥ እነርሱ ግን ፍልስጥኤማውያን እንዳደረጉት በአዲስ ሠረገላ ጫኑት። ይህንም አንደኛ ዜና መዋዕል በ15ኛው ምዕራፍ ራሱ ያስረዳል። ሰው ሊሸከመው የተሰጠውን ነገር እንስሳት እንዲጐትቱት ተደረገ ማለት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው በታቦቱ ውስጥ ያለውን ስንመረምር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጽላት ሕዝቡ ጥጃውን ባመለከ ጊዜ ተሰብረዋል። በኦሪት ዘዳግም 10ኛ ምዕራፍ መሠረት በታቦቱ የገቡት ሁለተኛዎቹ፥ ይኸውም ከይቅርታ በኋላ የተጻፉት ናቸው። ሙሴ ያን ይቅርታ ሲለምን በዘፀአት 33ኛ ምዕራፍ ከቍጥር 12 እስከ 17 ብቻ «ሔን» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል አምስት ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ታቦቱ የምሕረት ማስረጃ የተቀመጠበት ሣጥን ነው፤ አክብሮቱም የጸጋው ዋጋ ሳይሆን ጸጋውን ለተቀበለ ሰው የሚገባው ምላሽ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ሔን» የሚለውን ቃል በዚህ ስፍራ «ሞገስ» ብሎታል። ይህ ትርጕም መልካም ነው ብለን እናምናለን። በቋንቋችን ሞገስ ሰው በታላቅ ፊት የሚያገኘው መወደድ ነው፤ ደግሞም «ግርማ ሞገስ» ስንል ተመልካቹን ጐንበስ የሚያሰኘው ክብር ነው። ግዕዝም እንዲሁ ያገናኛል። ዕብራይስጥ የኖኅን መርከብ «ቴባ»፥ የኪዳኑን ሣጥን «አሮን» ብሎ ሲለይ፥ ግዕዝ ሁለቱንም «ታቦት» ይላቸዋል። ኤድዋርድ ኡለንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ኢትዮጵያንና መጽሐፍ ቅዱስን በሚመለከት መጽሐፉ የቃሉን ዘር እስከ አራማይክ ድረስ ተከትሎታል። ሰውን ከጥፋት ያዳነውና ሰው የሚሰግድለት በአንድ ስም መጠራታቸው ለአንባቢ ትልቅ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ዕቃው ራሱ የጸጋ መያዣ አይደለም። የዔሊ ልጆች ታቦቱን ከሴሎ ወደ ጦር ሜዳ ባወጡ ጊዜ እስራኤል ተሸነፈ፤ ታቦቱም ተማረከ። ሙሴ ለፈውስ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቡ ቢያጥንለት ንጉሡ ሕዝቅያስ ሰባበረው። እግዚአብሔርን በዕቃ አስሬ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ዕቃውንም ያጣዋል።

ይህ ትምህርት በአገራችን በሥርዓት ይታያል። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ የምትገኘውን የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ አምበርን እንውሰድ። እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፥ ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦት ከመንበሩ ተነሥቶ በካህን ራስ ላይ ሆኖ፥ በመጐናጸፊያ ተሸፍኖ ወደ ውሃ ይወርዳል። ምእመኑ አይነካውም፥ አያየውምም፤ ሆኖም እልል ብሎ ይከተለዋል። ወደ መቅደስ መግባት ለማይችለው ሕዝብ የመቅደሱ ክብር ራሱ ወጣለት። ክልከላውና ቸርነቱ በአንድ ሰልፍ ይሄዳሉ። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ፥ ዕቃው ሰም ጸጋው ወርቅ ነው የሚል አይጠፋም፤ ይህ ግን አይበቃም። ወርቅ አንጥረኛው ወርቁን ሊያፈስ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ ታቦቱ ግን ትርጕሙ ከታወቀ በኋላም በትከሻና በራስ ይከበራል።

ይህ ክርክር የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ብዙ ንዋያተ ቅድሳት ተዘርፈዋል። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም። ይህ አክብሮት ነው ቢባል እንኳ ግማሽ ንባብ ነው፤ የዖዛን ክልከላ ጠብቆ የአቢዳራን በረከት አስቀርቷልና። በአንጻሩ በኤዲንብራ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ አንድ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። ፍልስጥኤማውያንም የማረኩትን ታቦት ከሰባት ወር በኋላ ከወርቅ ካሳ ጋር መልሰዋል። ታቦት እንዳይታይ መሸሸግ ብቻውን ክብሩን አይፈጽምም፤ የሚፈጸመው ተሸክሞ የሚያወጣው ካህንና እልል ብሎ የሚቀበለው ሕዝብ ባለበት ነው።